ሽንኩርትና ወተት ከአምራቹ በቀጥታ፣ ያለ ትርፍ፦ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሞከራችሁ አላችሁ?

የአባዶ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል አስቀድሜ ይቅርታ።

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። በሁለት ብሎክ ያለን 40 የምንጠጋ ቤተሰቦች አትክልትና ወተት ከአምራቹ በቀጥታ እያመጣን፣ በመጣበት ዋጋ ብንከፋፈል ብለን ተነጋግረናል። ሱቅ አይደለም፤ ማንም አያተርፍበትም። የሚተርፍ ሳንቲም ካለ ለሚቀጥለው ጭነት ወይም ለቸገረው ጎረቤት ይሁን ነው ሐሳቡ።

ምክንያታችን ሁለት ነው። አንዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አትክልት ተራ በ2012 በኮሮና ጊዜ ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲዛወር ለእኛ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ሆነብን። ከመቂ የተነሳው ሽንኩርት ሰብሳቢ፣ ደላላ፣ ጅምላ ነጋዴ፣ አከፋፋይ እያለ በራችን ጉሊት ሲደርስ ዋጋው አይቀመስም። ወተቱ ደግሞ ይባስ። ሰንዳፋ አፍንጫችን ሥር ሆና እኛ የምንጠጣው ከተማ ገብቶ፣ ታሽጎ፣ ዞሮ የተመለሰውን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ለእኔ ይበልጣል። እኛ ግቢ ሰው የተሰበሰበው በዕጣ ነው። አንዱ ከልደታ፣ አንዱ ከአራት ኪሎ ቤት ፈርሶበት፣ አንዱ ተከራይ። ከእኔ በላይ ያሉትን ሰውዬ ስማቸውን ያወቅሁት ውሃ ጠፍቶ ቦቴ የመጣ ቀን ባልዲ ይዘን ስንሰለፍ ነው። እድር አለን፤ እድር ግን የሚያገናኘን ሰው ሲሞት ነው። በቁማችንም የሚያገናኘን ነገር ይኑር ብዬ ነው።

የጨነቀኝ ብዙ ነው። ገንዘቡን ማን ይያዝ? ፈቃድ ያስፈልገናል ወይ? በራችን ላይ ጉሊት ቸርችረው ልጅ የሚያሳድጉ እናቶችም አሉ፤ የእነሱን እንጀራ ዘግቼ ርካሽ ሽንኩርት መብላት አይዋጥልኝም። ከመካከላችን በጡረታ ብቻ የሚኖሩ፣ ቀድመው መክፈል የማይችሉም አሉ። ሞክራችሁ ያያችሁ ካላችሁ አካፍሉኝ።

አይቶ አላፊ

እህቴ ሐሳብሽ መልካም ነው፤ ግን ልምከርሽ፣ ገንዘብና ጉርብትና አይቀላቀሉም። እኛ ሰፈር አንዱ "ጤፍ ከጎጃም አስመጣላችኋለሁ" ብሎ ከብዙ ሰው ሰበሰበና ስልኩን አጠፋ። እስከዛሬ ከሚስቱ ጋር ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ሁለታችንም ግድግዳ ነው የምናየው። እሁድ ገበያ አለልሽ፣ ሸማቾች አለልሽ። እዚያ ገዝተሽ በሰላም ቤትሽ ግቢ።

ንብረት ክፍል

ጀሞ ነው ያለሁት። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት አንድ ፋብሪካ ንብረት ክፍል ውስጥ ነው፤ ስሜንም ያመጣሁት ከዚያው ነው። አሁን ጡረተኛ ነኝ። ባለቤቴና ጎረቤቶቿ አንቺ የምትይውን ዓይነት ነገር ጀምረው ይዘውታል፤ እኔ መዝገብ ያዥ ነኝ። እንደ መዝገብ ያዥ ልናገር።

ወንድማችን ስለ ገንዘብ ያለው ልክ ነው፣ እመለስበታለሁ። እሁድ ገበያና ሸማቾች ግን ለልጅቷ ጥያቄ መልስ አይሆኑም። እሁድ ገበያ እኔም እሄዳለሁ፣ ዋጋው ደህና ነው። ሸማቾችም በዘይት፣ በስኳር፣ በዱቄት ስንት ጊዜ ይዘውናል። ሁለቱም ጋ ግን ፌስታልሽን አንጠልጥለሽ ትመለሻለሽ እንጂ ጎረቤትሽን አታውቂበትም። እሷ የጠየቀችው ሁለቱንም ነው።

ልጄ፣ ሱቅ አታድርጉት። ቅርጫ አድርጉት።

ቅርጫ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። በሬው ታርዶ ሥጋው በየዓይነቱ ለየመደቡ እኩል ይደለደላል። ጉበቱ፣ ጨጓራው፣ ሻኛው ለሁሉም ይደርሳል፣ አጥንቱም እንደዚያው። ከዚያ ዕጣ ይጣላል። "ይሄን ሳይሆን ያንን" የሚል የለም። የአትክልት ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከመምረጥ ነው። ቲማቲም በሳጥን ሲመጣ ከላይ ያለው ያብለጨልጫል፣ ከታች ያለው ጭማቂ ሆኗል። እኛ ጋ መጀመሪያ የደረሰው ከላይ ከላዩ እየመረጠ ይሄድ ነበር። ከሥራ አምሽታ የምትመጣዋ ነርስ የሚደርሳት የተጨፈለቀው ነው፤ ዋጋው ግን ያው። አልተጣላችም። ዝም ብላ መክፈል አቆመች። የእንዲህ ዓይነት ማኅበር ሞት በጭቅጭቅ አይደለም፣ እንዲህ ዝም ብሎ በመቅረት ነው።

አሁን እንዲህ ነው የምናደርገው። የእድሩን ሸራ የግቢያችን የጋራ ቤት፣ ኮሚናሉ ወለል ላይ እንዘረጋለን። ጆንያው ይፈታል፣ ሁሉም ሸራው ላይ ይደፋል። ሁለት ሴቶች የተበላሸውን ለቅመው ያወጣሉ፤ የቀረው ትልቁ ከትንሹ፣ የበሰለው ካልበሰለው ተለይቶ በየመደቡ እኩል ይሰፈራል። እያንዳንዱ መደብ ዛሬ የሚበላም፣ ሦስት ቀን የሚቆይም ቲማቲም ይኖረዋል። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው አንድ ነገር ያዋጣል፦ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ የእስክሪብቶ ክዳን፣ የፀጉር ጌጥ። የእኔ ሁልጊዜ የመነጽሬ መጥረጊያ ጨርቅ ናት። ሲዋጣ ያላየ ልጅ ከውጭ ይጠራና በየመደቡ ላይ አንድ አንድ ያስቀምጣል። ዕቃህ ያረፈበት መደብ ያንተ ነው፣ አለቀ። ልጆቹ ለዚህ ሥራ ይጣሉበታል፤ ሰፈሩን ያስተዋወቁን እነሱ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም። "የእማማ ቁልፍ ናት" እያሉ ሲሮጡ የማናውቀውን ሰው ስም ከአፋቸው ነው የሰማነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የበሬው ቅርጫ በሃይማኖት ይለያየናል፤ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ለየብቻ ነው፣ ይህ የታወቀ ነው። ድንች ላይ ግን ሁላችንም አንድ ሸራ ዙሪያ ነን። በጾሙም በረመዳኑም ሽንኩርት የማይገባበት ቤት የለም።

በምን ትጀምሩ ለሚለው፣ በቀይ ሽንኩርትና በድንች። ቲማቲምና ሰላጣ ልምድ ይፈልጋሉ። ሽንኩርትና ድንች ግን አንድ ላይ አታሳድሯቸው፤ አብረው ሲቀመጡ ቶሎ ይበላሻሉ። ድንቹ ብርሃን አያግኘው፤ አረንጓዴ የሆነው ይመራል፣ መርዝነትም ስላለው ለሰው አይሰጥም። ሽንኩርቱ ነፋስ ይፈልጋል። ክረምት ላይ ደግሞ ይወደዳል፣ እርጥቡም ቶሎ ይበሰብሳል፤ ያኔ ጭነቱን አሳንሱ።

መቂ ድረስ አትሂዱ። 40 ቤተሰብ አምስት አምስት ኪሎ ቢወስድ 200 ኪሎ ነው። ለሁለት ኩንታል አይሱዙ አይነሳም፤ የመኪናው ኪራይ የደላላውን ትርፍ በልቶ ይጨርሰዋል። ወይ ከሌሎች ብሎኮች ጋር ገጥማችሁ ጭነቱን አብዙ፣ ወይም ሽንኩርቱን እንደ መቂ ባቱ ካለ የአምራቾች ዩኒየን ጠይቁ። ድንቹን ግን እናንተ ከእኛ ይልቅ ታድላችኋል፤ በደብረ ብርሃን መንገድ በአለልቱና በሸኖ በኩል የደጋ ድንች አገር ነው።

ስለ ሒሳብ። አንድ ኩንታል ሲገዛ 100 ኪሎ ነው፣ ሲከፋፈል 100 ኪሎ ሆኖ አያውቅም። አፈር አለው፣ ውሃ ይተናል፣ የበሰበሰ ይወጣል። ስለዚህ ዋጋ የሚተመነው ከተለቀመ በኋላ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ 300 ኪሎ ሽንኩርት በ15,000 ብር ተገዛ እንበል፤ መኪና፣ ጫኝና ጆንያ 2,100 ብር ወሰደ። ጠቅላላው 17,100 ብር ነው። ከተለቀመ በኋላ ንጹሑ 285 ኪሎ ሆነ። 17,100ን ለ285 ስታካፍሉ ኪሎው 60 ብር ነው። "የተገዛው እኮ በ50 ብር ነው" የሚል አይጠፋም፤ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፉለት። ቁጥሩን ለምሳሌ ነው ያመጣሁት፣ የገበያ ዋጋ ነው ብላችሁ እንዳትይዙብኝ።

ገንዘቡ በማንም የግል ስልክ ቁጥር አይሰበሰብ። ቴሌብር ቀላል ነው ብለው በአንዷ ሴት ስም ጀምረው ጭንቀቱ እንቅልፍ ነሥቷት ነበር፤ ሰው ባይጠረጥራትም እሷ ራሷን ስትጠብቅ ትደክማለች። በሦስት ሰው ስም፣ በሁለት ፊርማ የሚወጣ ሒሳብ ባንክ ይከፈት። ደረሰኙ ግዢው በተፈጸመበት ማታ ፎቶ ተነሥቶ ቴሌግራም ቡድኑ ላይ ይውጣ። በማግስቱ አይሆንም፣ በማታው። ደግሞ ገዢ ሆና የምትሄደው ሴት የትራንስፖርትና የስልክ ወጪዋ ይከፈላት። በነፃ ያገለገለ ሰው ሲደክመው "እኔ እኮ በነፃ ነው" ማለት ይጀምራል፤ ያኔ ሒሳብ መጠየቅ ነውር ይሆናል።

ጫኝና አውራጆቹን አትርሱ። መኪናው በር ላይ ሲቆም የሰፈሩ ልጆች መጥተው "እኛ ነን የምናወርደው" ይላሉ፣ የሚጠሩት ዋጋም ያስደነግጣል። አስቀድማችሁ አነጋግሯቸው። እኛ ሁለቱን የመደቡ ተካፋይ አደረግናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ክፍያው ላይ ተጨቃጭቀን አናውቅም። እነሱም ቤታቸው ሽንኩርት ይገባል፣ እናት አላቸው።

የጉሊት እናቶችን ያሰብሻቸው ደስ ብሎኛል። እኛ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ዝንጅብል፣ የጥብስ ቅጠል አናመጣም፤ የእነሱ ነው። ለቃሚዎቹ ሁለት ሴቶች ያልኩሽም እነሱው ናቸው፤ ጊዜያቸው ስለሆነ ይከፈላቸዋል። ሽንኩርት በጣት ነክቶ ውስጡ መበስበሱን ማወቅ የእነሱን ያህል የሚችል እኛ ብሎክ ውስጥ የለም። ደግሞ እኛ የምናመጣው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው፤ በመካከል ያለቀበት ከእነሱ ይገዛል።

መክፈል ለማይችለው፣ ከእያንዳንዱ ጭነት ሁለት መደብ ይጨመራል፤ ዋጋው ለሁሉም ተከፋፍሎ ይገባል፣ በሰው ሲደርስ ኢምንት ነው። ማን በዚያ እንደሚጠቀም የሚያውቁት ገንዘብ ያዥዋና አንዲት ሴት ብቻ ናቸው። ዕጣው ላይ ሁሉም ዕቃውን ይጥላል፣ ሁሉም መደቡን ያነሣል። የከፈለው ካልከፈለው አይለይም። እኔ መዝገብ ያዡ እንኳ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም።

ቅጠላ ቅጠል ስታመጡ የበቀለበትን ጠይቁ። በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር የሚለማ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ውስጥ ክሮሚየም፣ ካድሚየም፣ እርሳስ መገኘቱን በተደጋጋሚ የተሠሩ ጥናቶች አሳይተዋል፤ የፋብሪካና የቆዳ ማልፊያ ፍሳሽ ነው የሚገባበት። ሥሩ ከመጠጠው በኋላ አቼቶም ጨውም አያወጣውም። "ከሆለታ ነው" ላለሽ ሁሉ አትመኚ፤ አንድ ቀን አብረሽ ሂጂ።

ስለ ፈቃድ ባጭሩ። ለአባላት ብቻ፣ በመጣበት ዋጋ እስከተከፋፈላችሁ ድረስ ከእድራችሁ ጋር ተጠጉ፤ ወረዳውንም አሳውቁ። ለውጭ ሰው መሸጥ ስትጀምሩ ንግድ ይሆናል። ሕጋዊ ሰውነት ካስፈለጋችሁ መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ በአዋጅ 985/2009 ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው፤ እሱ ትርፉን ለአባላት ማከፋፈል ይችላል። ሌላው በአዋጅ 1113/2011 የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ሲሆን ገቢ ቢያስገባም ለአባላት አያከፋፍልም፤ የአንቺ ሐሳብ የሚቀርበው ለዚህኛው ነው። ግን አትቸኩሉ። ማኅተም ቀድሞ ሽንኩርት የዘገየበት ማኅበር አይቻለሁ።

የሰንዳፋ ልጅ

ንብረት ክፍል ስለ አትክልቱ ጨርሰውታል፤ እኔ ስለ ወተቱ። ቤተሰቦቼ በሰንዳፋ በኩል የወተት ላሞች ያረባሉ፣ እኔም ያደግሁት እዚያው ነው።

እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ላስታውስሽ፣ ላም አትጾምም። የጾም ነገር ለእናንተ የምግብ ጉዳይ ነው፣ ለእኛ የገንዘብ ነው። ረቡዕና ዓርብ ወተት ይተርፋል። ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ሙሉ ተቀባዩ ኮታ ይቀንሳል፣ አንዳንዱም ጭራሽ አይቀበልም። ፍሩሽካውና ፋጉሎው ግን ዋጋው አይጾምም። ብዙ ሰው ለፋሲካ ወተት ሲፈልግ "ለምን ተወደደ" ይላል እንጂ በጾሙ ላሙን ማን እንደቀለባት አይጠይቅም። እናንተ እንደ ሌላው ነጋዴ በፍስክ ብቻ የምትመጡ ከሆነ ገበሬው ከደላላው አይለያችሁም።

መላው አለ። ብሎካችሁ ውስጥ ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ጎረቤቶች ይኖራሉ፤ ልጆችም አሉ። በጾም የሚወስዱትን አስቀድማችሁ መዝግቡ። የቀረውን ቅቤና አይብ እንዲያደርጉት ከገበሬው ጋር ተስማሙ፤ ቅቤው ለፋሲካ ተነጥሮ ይመጣላችኋል፤ ያኔ ከሱቅ በምን ዋጋ እንደሚገዛ ታውቂያለሽ። ንብረት ክፍል ባሉት በቅርጫ ደንብ ተካፈሉት።

ሁለተኛው፣ የማታውን ወተት ውሰዱ። እኛ አካባቢ በቀን ሁለቴ ነው የሚታለበው። የጠዋቱን ሰብሳቢ ይወስደዋል፤ የማታውን ብዙ ጊዜ የሚያነሣው የለም፣ ማቀዝቀዣ ከሌለ ያድርና ይረጋል። እናንተ ደግሞ ቤት የምትገኙት ማታ ነው። ከለገጣፎ ወዲህ መንገዱ ካልተዘጋጋ ከታለበ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ በራችሁ ይደርሳል። ለሁለታችንም ይጠቅማል።

ስለ ጥራት፣ ላክቶሜትር የሚባለውን የወተት መለኪያ ግዙ፣ ውድ ዕቃ አይደለም። ንጹሕ የላም ወተት ከ1.028 እስከ 1.032 ያነባል፤ ከዚያ ከወረደ ውሃ ገብቶበታል ብለሽ ጠርጥሪ። ግን ገበሬውን ቶሎ አትክሰሺ፤ ውሃ የሚገባው ብዙውን ጊዜ በመንገድ ነው። ቅባቱ ተገፎ ውሃ ሲጨመርበትም ላክቶሜትሩ ልክ ሊያሳይ ስለሚችል በእሱ ብቻ አትመኚ። ሊረጋ የተቃረበ መሆኑን ለማወቅ እኩል ወተትና አልኮል በትንሽ ብርጭቆ ታቀላቅያለሽ፤ ከተቋጠረ መልሺው። የሚመጣው በአልሙኒየም ወይም በማይዝግ ብረት ጋን ይሁን እንጂ በቢጫ ጄሪካን አይሁን፤ የጄሪካን ጥግ እጅ ገብቶ አይታጠብም። ቤት ሲደርስ ደግሞ ሳይፈላ አይጠጣ፣ "የገጠር ወተት ጥሬው ነው የሚጥመው" የሚል ሽማግሌ ቢኖር እንኳ።

ክፍያውን በአሥራ አምስት ቀን ቁረጡና አትዝለሉ። አባቴ ከዋጋው ይልቅ ቀኑን ነው የሚወዱት። ሰብሳቢ በሊትር ብር ጨምሮ ሁለት ወር ካቆየባቸው፣ ትንሽ ቀንሶ በቀኑ ለሚከፍል ይሰጣሉ።

ሲያትል ያለሁ

ከሩቅ ነው የምጽፈው። እዚህ በጣም የሚመሳሰል ነገር ስላለ ላካፍላችሁ።

ሲያትል ውስጥ ፒ-ፓች የሚባል የጋራ አትክልት ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የፒካርዶ ቤተሰብ እርሻ በነበረ መሬት ላይ ነው የተጀመረው፣ የሚያስተዳድረው ከተማው ነው። ቁራሽ መሬት በዓመት ትከራያለሽ፣ የምታበቅይውን ትበያለሽ፣ መሸጥ አይፈቀድም። የተረፈው ለችግረኞች ምግብ ማከፋፈያ ይሄዳል። እኔ ጋ ሐበሻ ጎመን አለ፤ ዘሩን ያገኘሁት ጎኔ ካለች የኤርትራ ሴት ነው። ከእሷ ጋር ሰላምታ የጀመርነው በዚያ ጎመን ነው። እዚያ ቦታ ላይ ቬትናሙም ሶማሌውም አብሮ ይኮተኩታል፤ ቋንቋ ባንግባባም ማን ውሃ ሳያጠጣ እንደቀረ ሁሉም ያውቃል። ከ2015 የሌማት ትሩፋት ወዲህ እናንተም ግቢ ውስጥ ጎመን የተከለ ሰው አይጠፋም፤ በየበሩ ከሚሆን ከብሎኩ ጀርባ አንድ ላይ ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ።

ሌላው ቀድሞ የመክፈል ነገር ነው። እዚህ ገበሬው ገና ሳይዘራ ገንዘቡን ትከፍይዋለሽ፤ በወቅቱ በየሳምንቱ ከደረሰው ድርሻሽን ይሰጥሻል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1986 ማሳቹሴትስና ኒው ሃምፕሽር ባሉ እርሻዎች ነው የተጀመረው፤ ጃፓኖች ከዚያ በፊት ነበራቸው። ዋናው ነገሩ በረዶ ቢመታው ጉዳቱ የሁላችንም መሆኑ ነው። እኔ አንድ ዓመት ለቲማቲም ከፍዬ የደረሰኝ ዱባ ነው፤ በሽታ ቲማቲሙን ጨርሶት ነበር። ልጆቼ እስካሁን ዱባ ወጥ ሲያዩ ያኮርፋሉ። እናንተ ወዲያው እንደዚህ ሁኑ አልልም፤ ሰው አስቀድሞ ይመንበት። ግን አንድ ሁለት ዓመት ከአንድ የድንች ገበሬ ጋር ከቆያችሁ ለዘር መግዣ ቀድማችሁ ብትሰጡት የሚያገኘው ጥቅም ትልቅ ነው፤ ማዳበሪያና ዘር ሲገዛ ነው አበዳሪ እጅ የሚወድቀው።

አይቶ አላፊ

ንብረት ክፍል፣ ዕጣው ላይ አሸንፈውኛል። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ዕጣ የደረሰውን ትቶ የሚሄድስ? "እኔ ትልልቅ ድንች ነው የምፈልገው" ብሎ የሚያኮርፍ ሰው የሌለበት ብሎክ የለም።

ንብረት ክፍል

አለ እንጂ። እኛም አለን፤ ስማቸውን አልጠራም፣ ይህን ሊያነቡ ይችላሉ። ትልልቁን ድንች ለሚፈልግ መለዋወጥ ክፍት ነው። ዕጣው ከወጣ በኋላ ሸራው ላይ እንዳለ "ማን ትንሽ ድንች ይፈልጋል፣ ለቅቅል ይሆናል" ይላል፤ የሚፈልግ ይገኛል። የሚከለከለው ከዕጣው በፊት መንካት ነው። ሰውዬው አሁን የልውውጡ ዋና ጸሐፊ ሆነዋል ማለት ይቻላል፤ ሁሉም ከተካፈለ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆመው ድንች በሽንኩርት ያደራድራሉ።

የአባዶ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ ንብረት ክፍል፣ የጻፉትን አትሜ ትናንት ማታ ይህን ከእኔ ጋር ለሚያስቡት ስድስት ሴቶች አነበብኩላቸው። ስለ ሁለቱ ፊርማና ስለ ማታው ደረሰኝ ማንም አልተከራከረም። የተከራከርነው ለቃሚዎቹን የጉሊት እናቶች ስንት እንክፈል በሚለው ነው። ስለዚህ ራሳቸውን እንጠይቃቸው ተባለና ዛሬ ጠዋት ወረድኩ። አንዷ "ገንዘቡን ተዪው፣ ኮሚናሉ ውስጥ ዕቃዬን የማሳድርበት ጥግ ስጡኝ፤ በየማታው ተሸክሜ ስወጣ ወገቤ አለቀ" አለችኝ። እኛ በሁለት ወር አንዴ ለስብሰባ የምንከፍተው ክፍል ነው። ጉዳዩን ለግቢው ማኅበር አቅርበነዋል፣ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።

የሰንዳፋው ወንድሜ፣ የማታ ወተት የሚለውን ሰምተን አናውቅም ነበር። የምንጀምረው ግን በሽንኩርትና በድንች ነው፣ ወተቱ ከልደት በኋላ። የሚጾም የማይጾመውን ከአሁኑ እየመዘገብን ነው፤ አንድ ጎረቤቴ በየትኛው ዓምድ ልጻፍሽ ብላት "ባሌ ሲኖር በጿሚ፣ ሳይኖር በሌላው" አለችኝ።

ጋሼ፣ ሁለት ትንሽ ጥያቄ ቀርቶኛል። የምትከፋፈሉት በየትኛው ቀን ነው? ሚዛኑስ ምን ዓይነት ይሁን?

ንብረት ክፍል

ለዕቃ ማሳደሪያ ጥግ የጠየቀችዋን ሴት እንዳታጧት። ቁልፉን ለእሷ ስጧት፤ ከማናችሁም በላይ ትጠብቀዋለች።

ቀኑ ሐሙስ ማታ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሰርግ፣ ልቅሶ፣ ማኅበር፣ ቤተክርስቲያን አለ፤ ሰው አይሞላም። ሐሙስ ከሆነ ለዓርብ የጾም ወጥም ይደርሳል።

ሚዛኑ የሚንጠለጠል አይሁን፣ ነፋስ ሲወዘውዘው ሁሉም የየራሱን ቁጥር ያነባል። መሬት ላይ የሚቀመጥ፣ ቁጥሩ ለቆመ ሰው የሚታይ ይሁን። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ሁልጊዜ ያልተከፈተ ባለ አንድ ኪሎ የታሸገ ዕቃ በሰው ፊት አስቀምጡበት። አዲስ ግዙ። ምናለሽ ተራ የተጠገነ በግማሽ ዋጋ ታገኛላችሁ፤ ነገር ግን የተጠገነ ሚዛን ለማን ተብሎ እንደተጠገነ አይታወቅም።